ድምጿ አይሰማም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞቻችን ሽኝት አምስት ደቂቃ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ስለ ፈተናው አነሳለሁ። ይዤው የመጣሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ግቢ ተምሬ እዚሁ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከወላጆች መካከል አብረውኝ የተሰለፉም አሉ። እነሱ አሁን የምናገረውን ያስታውሱታል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ዜና አንባቢ ተደረግኩ። ሌሊቱን ስሸመድደው ነው ያደርኩት። ማይኩ ፊት ስቆም እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወረቀቱም አብሮ። ማይኩ ደግሞ የወረቀቱን ኮሽታ ተቀብሎ ለግቢው በሙሉ ያሰማዋል። «እንደምን አደራችሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ተሳሰረ። ሰልፉ አውካካ። እሱስ ልጆች ናቸው፣ ይስቃሉ። ሰልፉን ይመሩ የነበሩት መምህር ግን ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝና «ወንድ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። በማይኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። መልሱን እያወቅኩት።

ያተረፉኝም አስተማሪ ናቸው። አሥረኛ ክፍል ስገባ የክፍላችን ኃላፊ የስም መጥሪያውን ደብተር አምጥተው ሰጡኝ። በየጠዋቱ ስልሳ ሁለት ስም መጥራት ነው ሥራዬ። ንግግር የለ፣ ዜና የለ፣ ስም ብቻ። መጀመሪያ አካባቢ ደብተሩ ላይ አቀርቅሬ ነበር የምጠራው። ከኋላ «አልሰማንም!» ይላሉ፤ እደግመዋለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀና ብዬ «አቤት» ያለውን ልጅ ማየት ጀመርኩ። የገና በዓል ሳይደርስ እጄ ፀጥ አለ። እኚያ ሰው አንድም ቀን «አትፍራ» አላሉኝም።

ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ከሆድና ከቆዳ ሸሽቶ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። እጅ የሚቀዘቅዘው፣ ሆድ የሚገለባበጠው ለዚህ ነው። ሰውነታችን ሊሮጥ ተዘጋጅቷል። ጅብ ቢመጣ ያድነናል፤ ችግሩ ፈተናንና ጅብን አይለይም። እና ጉልበቱን ብርክ የያዘው ልጅ ሰነፍ አይደለም። ወንድነትም አልጎደለውም። ዕጢው ሥራውን እየሠራ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ወላጆች፣ እናንተን ነው። ሴት ልጅን ስናመሰግን ምን እንላለን? «ጨዋ ናት፣ ድምጿ አይሰማም።» እንግዳ ሲመጣ ቡናውን አቅርባ፣ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ደስ ይለናል። ወንዱም ትልቅ ሰው ባለበት አንድ ቃል ከተናገረ «አፉ አያርፍም» ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ እናሳድጋለን። ከዚያ አንድ ቀን ተነሺና አስረጂ፣ ለቃለ መጠይቅ ግቢ እንላታለን። ድምጿ ሲጠፋ «አፍ የለሽም እንዴ?» ብለን እንቆጣለን። አፏን የዘጋነው እኮ እኛ ነን! አክብሮት ማስተማር ሌላ ነው፤ ድምፅ መንጠቅ ሌላ ነው።

ደግሞ ይሄ ቁጥር። ጥር 2015 የወጣውን ውጤት ማን ይረሳዋል? ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ 3.2። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ከፍ ብሏል። እኛ ትልልቆቹ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት፤ አስተማሪውም ይጠየቅበት፣ እኔም ልጠየቅበት። ራት ላይ ግን ለምን ይነሳል? «ከመቶ ሦስት ነው የሚያልፈው፣ አንተ ከየት አባትህ ታመጣዋለህ?» ይሄ ምክር ነው? ልጁ እኮ የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ አድሮ፣ በር ላይ ተፈትሾ ነው የሚገባው። ስልክ የለውም። ደውሎ «እማዬ» አይልም። ጆሮው ላይ የሚቀረው ዛሬ ማታ የምትሉት ነገር ነው።

ልጆች፣ አንዲት ተማሪዬ ከፈተና ተመልሳ የነገረችኝን ልንገራችሁ። የሒሳቡን ወረቀት ስትገልጥ ሁሉም ነገር ጠፋባት። እርሳሷን አስቀመጠች። እግሮቿን መሬት ላይ አደላደለች። በአፍንጫዋ ሳብ አድርጋ በአፏ ቀስ ብላ አስወጣች፤ ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይረዝማል። ስድስት ጊዜ። ትንፋሽ ተረጋግቶ ሲወጣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ከዚያ ከአንደኛው ጥያቄ አልጀመረችም። እያገላበጠች የምታውቀውን አንድ ጥያቄ ፈለገች። አሥራ ሰባተኛውን አገኘች። እሱን አጠቆረች። ቀጥላ ሌላ።

የቀረው አጭር ነው። በፈተናው ዋዜማ እንቅልፍ አትጡ። ቡና አታብዙ። ጓደኛችሁ ከአዳራሽ ሲወጣ «አራተኛው መልሱ ምንድነው?» ካላችሁ አትመልሱለት። የመፈተኛ ካርዳችሁን ዛሬውኑ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

ከእኔ ቀጥሎ ልጆቹ ግጥም ያነባሉ። ወረቀት ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ አትሳቁ። ቶሎ ብላችሁም አታጨብጭቡ። ዝም ብላችሁ ጠብቋቸው። ማይኩንም ዝቅ አድርጉላቸው፤ በእኔ ቁመት ነው የተስተካከለው።

እግዚአብሔር ይርዳችሁ። አመሰግናለሁ።