ጦም ያደረው መሬት
በደብረ ዘይት ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጎጃም በአንድ የገጠር ደብር ለተሰበሰቡ ምእመናን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመቋሚያችሁ ተደግፋችሁ የቆማችሁ አረጋውያን፣ ከግንቡ ሥር የተቀመጣችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፤ እንኳን ለእኩለ ጾም፣ ለደብረ ዘይት በሰላም አደረሳችሁ።

የደብራችን አለቃ ባለፈው ሰንበት ጠርተው «በደብረ ዘይት ስለ ንቃት፣ ስለ ቅድስናና እርስ በርስ ስለ መዋደድ ጥቂት ቃል ትናገራለህ» ብለው ሲያዝዙኝ ሦስት ሥራ የሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ከምድጃው ዳር ስቀመጥ ግን ሦስቱ አንድ እየሆኑ አስቸገሩኝ፤ አንዱም ለዓመታት በሆዴ ይዤው የኖርሁት ነገር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ንግግሬ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል አለቃችንም እናንተም ይቅር በሉኝ።

ዛሬ የጾሙ መካከል ነው። ከ55ቱ ቀን 28ኛው ላይ ቆመናል፤ 27 ከኋላችን፣ 27 ከፊታችን አለ። እኔ በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ዋሸራ ቅኔ ልማር ሄጄ ነበር፤ ቅኔው እምብዛም ባይሆንልኝም የባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን ማውጫ፣ ስሌት ይዤ ተመልሻለሁ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ዝቅ ቢል ከየካቲት 1 እንደማይወርድ፣ ከፍ ቢልም ከመጋቢት 5 እንደማያልፍ፣ ስለዚህም ደብረ ዘይት በየካቲት 28 እና በሚያዝያ 2 መካከል እንደሚውል፣ ቀኑን ለማውጣት የሚደመረው ተውሳኩም 11 እንደሆነ፣ በእኩለ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልሳሳት እነግራችኋለሁ። ይህን የምለው ልመካበት አይደለም፤ ወደ ኋላ የማፍርበት ስለሆነ ነው።

በቅዳሴው እንደሰማችሁት ከመዝሙረ ዳዊት የተሰበከው የዕለቱ ምስባክ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ፤ ወአምላክነሂ ኢያረምም» የሚል ነው፤ እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፣ አምላካችንም ዝም አይልም ማለት ነው። ወንጌሉም ጌታ በደብረ ዘይት፣ ማለትም በወይራው ተራራ፣ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ «የመምጣትህ ምልክት ምንድር ነው?» ብለው የጠየቁት፣ የማቴዎስ 24ኛው ምዕራፍ ነው። ይህን ምዕራፍ እንደ እኛ የሚወድድ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን ጌታ እስኪወለድ ያለውን 5500 ዘመን ቆጥረው ስምንተኛው ሺህ ውስጥ መግባታችንን አስተምረውናልና ነገሩ በአፋችን ላይ ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ «ስምንተኛው ሺህ!»፣ ልጅ አባቱን ሲሰድብ «ስምንተኛው ሺህ!» እንላለን። አሁን ደግሞ ልጆቻችን በስልካቸው እገሌ የተባለ ሰው ስለ መጨረሻው ዘመን ተናገረው የተባለውን ሁሉ እያወረዱ በጥላ ሥር ሲያነቡልን፣ ጦርነቱን፣ ረኃቡን፣ የምድር መናወጡን በጣታችን እየቆጠርን ከንፈራችንን እንመጥጣለን። ጌታ ግን በዚያው ምዕራፍ ያችን ቀንና ሰዓት የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት ተናግሯል። ባሕረ ሐሳብም ቢሆን የጾሙን መግቢያ እንጂ የጌታን መምጫ አይነግርም፤ የኔታ ይህን አስጠንቅቀው ነግረውናል።

ይልቅስ አንድ ምልክት አለች፤ ከቆጠርናቸው መካከል ሁልጊዜ የምንዘልላት። ቍጥር 12 ናት፦ «ከዓመፃም ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች።» ጦርነቱን ማዶ ሆነን እናየዋለን፤ የምድር መናወጡን በወሬ እንሰማዋለን። ይህችን ምልክት ግን ለማየት ማንም ሩቅ መሄድ፣ ስልክም መክፈት አያስፈልገውም፤ ከገዛ ቤታችን ውስጥ ናት። ለዚህ ይሆን የምንዘልላት?

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ።

ከ12 ዓመት በፊት በወር በወር በ21 የእመቤታችንን ጽዋ የሚጠጣው የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ እኔ ነበርሁ። በማኅበሩ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጣለችና፣ ልናገር መሆኔን ስነግራት «ስሜን ብትጠራ እዚያው ተነሥቼ እወጣለሁ» ብላኛለች፤ እንደምትወጣም አውቃለሁ። ሚያዝያ 21 ቀን ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ሊሰጥ ሲል ተራው የእርሷ ሆነ። የሚመጣው ግንቦት 21 ደግሞ የእመቤታችን ታላቅ በዓል፣ ደብረ ምጥማቅ ነው፤ በእኛ ማኅበር ደንብ የዚያ ወር ተረኛ እንደ ሌላው ወር አንድ ጋን ጠላ ጠምቆ አንድ ድፎ ዳቦ ደፍቶ አይታለፍም፤ ሁለት ጋን ጠላ፣ ሦስት ድፎ፣ ለጎረቤት የሚተርፍ ንፍሮ ይደግሳል። ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ተራዬን ወደ መስከረም አሳልፉልኝ» አለች። ምክንያቱን አልተናገረችም። ማንም አልጠየቃት።

እኔ ምን አልሁ? ደንቡን አነበብሁ። ተራውን ያሳለፈ በሚቀጥለው እጥፍ ይደግሳል ይላል። ንባቡ ባላነሰ ነበር፤ ስብከት ጨመርሁበት። «የእመቤታችንን ጽዋ ማሳለፍ በረከትን ማሳለፍ ነው፤ እርሷ የምትሰጠውን አታውቂም እንዴ?» አልኋት። ሰዉም «እውነት ነው» አለ። እናንተም «እውነት ነው» ብላችኋል፤ የዚያን ቀን የነበራችሁ ሰዎች ዛሬም እዚህ አላችሁ፤ ዓይናችሁን ወደ መሬት አትስበሩ፣ እኔ ሙሴው ነኝና ከሁላችሁ ይልቅ በእኔ ይብሳል። እርሷም አንዲት ቃል ሳትመልስ ጽዋውን ተቀብላ በእልልታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ግንቦት 21 ደረሰ። ቤቷ ተጐዝጕዟል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ባርከው ከተቀመጥን በኋላ እኔ ሦስት ዋንጫ ጠጣሁ፤ ቍጥሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ጠላ በዚህ አገር አልተጠጣም» አልኋት። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጣለ፣ ሰኔም ገባ፣ ሰው ሁሉ ገብሱን ሊዘራ ወጣ።

የእርሷ መሬት ከዚህ ቅጥር በስተ ምሥራቅ፣ ከግንቡ ማዶ ያለችው ናት። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፣ ሲል ሁላችን ፊታችንን የምንመልሰው በዚያ በኩል ነው፤ ወዲያውም «ንነጽር» ይለናል፤ እናስተውል ማለት ነው። እኛም በየሰንበቱ ወደዚያ እየዞርን «ንነጽር» ስንባል ያች መሬት ክረምቱን ሙሉ ሳትዘራ ቆየች። አረሙ ጉልበት አለፈ። እኔ በዚያ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ አንድ ቀን አብሮኝ ላለው ሰው «ምነው ይህች ሴት ዘንድሮ ሳታርስ ቀረች?» አልሁት፤ እርሱም «እንጃ» አለኝ፤ ወደ ሌላ ጨዋታ ገባን። ነሐሴ መጣ፤ እኛ ጾመ ፍልሰታን ጾምን። የእርሷ መሬት ግን ጦም አደረ። ሴትየዋ ከማኅበሩ ቀረች፤ እኛም «ተቀየመች» ብለን ተውናት። ልጇ በዚያው ዓመት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ።

በሁለተኛው ዓመት ልጁ ወባ አንገላትቶት ሲመለስ በገበያ መንገድ ላይ አገኘሁትና፣ ሙሴ ነኝ ብዬ፣ ተቈጣሁት። «እናትህ ጽዋዋን ለምን ተወች? ጽዋ መተው መልካም አይደለም» አልሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ፣ እናቴ ጽዋውን አልተወችም፤ ጽዋው ዘሯን ጠጣባት እንጂ» አለኝ። ለሰኔ ብላ በጎተራው ጥግ ያስቀመጠችውን የዘር ገብስ ብቅል አድርጋ ነበር የደገሰችልን። ሌላ እህል በቤቷ አልነበረም።

ጠላው ጥሩ ነበር ያልሁት ያንን ዘር ነው።

ከሽማግሌ ጋር ሆኜ ገብስ አስጭኜ ሄድሁ፤ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ገብሱን ተቀበለች፤ ይቅርታውንም አልከለከለችኝም። ነገር ግን አንድ ቃል ተናገረችኝ፣ ከዋሸራ ካመጣሁት ሁሉ ይልቅ እርሱ በልቤ ቀረ፦ «አንተ እኮ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ብቻ መንገድ ስትሄድ ሽቅብ ነው የምታየው።»

እንግዲህ ስለ ንቃት ተናገር ብትሉኝ የማውቀው ይህንኑ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ «በመጠን ኑሩ ንቁም» ብሎ ባላጋራችን እንደሚያገሣ አንበሳ እንደሚዞር ሲያስጠነቅቀን፣ እኛ አንበሳውን ከዱር ስንጠብቅ በማኅበራችን ደንብ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። የጾሙን ቀን በስሌት የማውቅ ሰው ከመንገዴ ዳር ያለውን አረም ማንበብ ካልቻልሁ ያ ስሌት ለእኔ ምን ጠቀመኝ? የጎረቤቱ ጎጆ ለሦስት ቀን ጢስ ሳይወጣው እያየ በስልኩ የዓለምን ፍጻሜ የሚከታተል ሰው ነቅቷል የሚለኝ ካለ፣ እርሱ ራሱ እንዲነቃ እለምነዋለሁ።

ይህ አገር እኮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከማላውቀው ቤት ደጃፍ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ቁራሽ ያልሰጠኝ ቤት ጥቂት ነው፤ ውሻ የለቀቀብኝም አለ፣ ጠባሳው አሁንም በባቴ ላይ ነው፤ ውሻውን ተከትላ የወጣችው ሴት ግን ራሷን እየረገመች ቁስሌን አጥባ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጣሁ ቍጥር ሳታበላ አትሰደኝም ነበር። በዋሸራም፣ በጎንጅም፣ በዲማም ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ ሁሉ በቁራሽ ነው የተማረው። የጎጃም ቅኔ ይህን ያህል የተወራለት ከየኔታ በተጨማሪ ሌማቷን የከፈተች ባልቴት ስለነበረች ነው። የማያውቀውን ተማሪ ያበላ አገር ለጎረቤቱ ዘር አጣ! ይህን ማን ያስረዳኛል?

ስለ ቅድስና ረጅም ነገር የለኝም። ዛሬ የተነበበው የጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክት ሰማይና ምድር የሚያልፉ ከሆነ «በቅዱስ ኑሮ» እንዴት ልንኖር እንደሚገባ ይጠይቅና፣ ያለ ነውር ሆናችሁ በሰላም እንድትገኙ ትጉ ብሎ ይጨርሳል። ኑሮ ነው ያለው። ወተትና ሥጋ ተከልክሎ በሌሊት የድንበር ድንጋይ የሚገፋ፣ ጾም ገብቷል ብሎ ቅቤ ትቶ በገበያ ቁናውን አጕድሎ የሚሰፍር ሰው ሆዱን ነው ያስጾመው። አራቱን ሰንበታት አልፈናል፤ ሁለተኛዋ ስሟ ቅድስት እንደነበር ያስታወሰ ካለ እጁን ያውጣ።

ደግሞም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት»፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ፣ ሲል አየኋችሁ። ግራና ቀኝ እጅ ትነሣላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ግን፣ አንዱ በሰሜን በር አንዱ በደቡብ በር ስለሚገቡ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እጅ ተነሣሥተው አያውቁም። ነገራቸው የአንድ ክንድ ወሰን ነው። አንተ የሰሜኑ፣ አንተም የደቡቡ፣ እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ፤ ደም እስኪገባበት የምትጠብቁ ከሆነ ሽማግሌው ያኔ ለለቅሶ እንጂ ለዕርቅ አይመጣላችሁም። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ዛሬ ማታ እቤታችሁ እመጣለሁ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ይህ ነው። የማኅበራችን ደንብ ተራውን ያሳለፈ እጥፍ ይደግስ የሚለው ይሰረዝ። ለደብረ ምጥማቅም ቢሆን ከአንድ ጋንና ከአንድ ድፎ አይለፍ። ሦስተኛ፣ በሰንበቴ ቤቱ አንድ ጎተራ ይቁምና ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና የዘር ገብስ ይግባበት፤ ሰኔ ሲገባ ዘር የጐደለው ሰው መጥቶ ይውሰድ፤ ስሙ አይጻፍ፣ በጉባኤ አይነበብ፣ ሲችል ብቻ ይመልስ። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የእድር ነገር ነው፣ ለደብረ ዘይት ስብከት አይሆንም» እንደምትሉ ትናንት ሰምቻለሁ፤ ለእናንተ የምሰጠው መልስ ያች ምሥራቅ ያለችው መሬት ናት።

የሚመጣው ሰንበት ገብር ኄር ነው፤ እስከዚያ ቢሞላ እወድዳለሁ። የእኔን ቁና ጠዋት አምጥቼዋለሁ፤ ከደጀ ሰላሙ በስተ ግራ፣ ከወይራው ሥር፣ ከጆንያው ጋር ተቀምጧል፤ ስትወጡ ታዩታላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።