አድሬናሊኑ ይቅደም፣ ካርዱም ይጻፍ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከምንጃርና ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

የምናገረው ስለ አናፊላክሲስ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ የደም ግፊት የሚጥል ከባድ አለርጂ ነው። ንብ ስትነድፍ፣ መድኃኒት ሲወሰድ ወይም ምግብ ሲበላ ሊነሳ ይችላል። ማር በሚቆረጥበት አገር ንብ ነደፈችኝ ማለት ወሬም አይሆንም። ለጥቂት ሰዎች ግን ገዳይ ነው።

መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። ጭን ላይ፣ መሃሉን በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ለአዋቂ ከ0.5 አይበልጥም። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሕመምተኛው ይተኛ፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ። ተነስቶ እንዲሄድ ግን አትፍቀዱለት። ሌሎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ሃይድሮኮርቲዞንም ሆነ አንቲሂስታሚን፣ አድሬናሊንን አይተኩም። እነሱን ስናስቀድም ሰው ያመልጠናል። ይህን ብደጋግመው ቅር አይበላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቤንዛቲን፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የፔኒሲሊን መርፌ፣ ነገር ነው። የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይወጉታል። መርፌውን የሚፈራ ባለሙያ ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም ይገባኛል። ነገር ግን የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር፣ ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሕሙማን ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ሞት ከአለርጂ ይልቅ ከልቡ መድከም ሊመጣ እንደሚችል አስረድቷል። ለእነዚህ ሕሙማን የሚዋጠው ፔኒሲሊን እንዲታሰብም መክሯል። ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? ካርዱ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ብቻ ከተጻፈ በምንም አንለይም። በስንት ደቂቃው ጀመረው? ሽፍ አለበት ወይ? ግፊቱ ስንት ነበር? ደረቱ ያፏጭ ነበር? ክሊኒካዊ ጥናት የምንለው ከዚህ ይጀምራል።

ከምላስ ስር ስለሚወሰደው ኢሚዩኖቴራፒም፣ ማለትም ሰውነትን አለርጂ ከሚያስነሳበት ነገር ጋር ስለሚያላምደው ሕክምና፣ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሊዮናርድ ኑን በ1911 ለንደን ላይ የሣር አበባ ብናኝን በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየሰጠ ሰውነትን ማላመድ እንደሚቻል ጽፏል። ዛሬ በክኒን መልክ መጥቷል። አሜሪካ በ2014 ለሣርና ራግዊድ ለሚባለው አረም፣ በ2017 ደግሞ ለቤት አቧራ ነፍሳት የሚሆነውን ፈቅዳለች። አፍ ማሳከኩ የተለመደ ነው። አናፊላክሲስ ከመርፌው ያነሰ ቢሆንም አልጠፋም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክኒን ሐኪም ፊት ተወስዶ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። አስሙ ያልተረጋጋ ሰው አይጀምረውም። ለንብ መርዝ አለርጂ አሁንም የሚታመነው የማላመጃው መርፌ ነው።

እኛ ጋ ያለው አረም ግን ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሳውን የወረረው ፓርቴኒየም የራግዊድ ዘመድ ነው። ክኒኑ የተሞከረው ግን በፓርቴኒየም ላይ አይደለም። የመንዝ ገበሬ ገብስ ሲወቃ የሚያስነጥሰው እብቁ ይሁን፣ ሻጋታው ይሁን፣ ሳይመረመር ክኒን ማዘዝ የድሃ ገንዘብ ማባከን ነው። የቆዳ ምርመራውን እዚሁ መጀመር አለብን፤ ይቻላልም።

ከመርፌ በኋላ የሚደርሰውን የምትመዘግቡበት ባለአንድ ገጽ ቅጽ በር ላይ ተቀምጧል። ለየጤና ጣቢያችሁ ውሰዱ። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ደግሞ መርፌ የምትሰጡበት ትሪ ላይ አድሬናሊን መኖሩን፣ ቀኑም አለማለፉን እዩልኝ።

አመሰግናለሁ።