ጎማው መሬት ሳይነካ

ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከኋላ የሚንጫጫ ነገር ከሰማችሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ደሴ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ምን ላድርገው።

የማወራችሁ ስለ ጎሚኒ ነው፣ መኪና ስር በብረቶች መገናኛ ላይ ስላለች ላስቲክ። ሳቁ ግዴለም። አንድ ጎሚኒ በስድስት ወር ውስጥ ሁለቴ ስለቀየርኩበት ጉድ ነው።

መኪናዬ የ1992 ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከአንዳንዶቻችሁ በዕድሜ ትበልጣለች። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ስለዚህ የሐረጎን ተራራ ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱን ለማታውቁት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ከደሴ በጃኬት ተነስቼ ኮምቦልቻ ስገባ ጃኬቱ የኋላ ወንበር ላይ ነው። መሃል ላይ ያለው ጥምዝ ነው፣ ፍሬን ነው፣ ጥምዝ ነው፣ ከፊት ደግሞ የሚያዘግም ሲኖትራክ።

ድምፁን እዚያ ነው የሰማሁት። ፍሬን ስይዝ ከፊት በቀኝ በኩል «ቋ»። ስለቀው እንደገና «ቋ»። አንዴ ብቻ። ሰው ዘነዘናውን ሙቀጫ ውስጥ ጣል እንደሚያደርገው። መሪውም ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ቀኝ ሸርተት ይላል።

መጀመሪያ መንገዱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። ቀልዴን አይደለም፣ ሁለት ወር ሙሉ ጥገናዬ እሱ ነበር። ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ሾክ አብዞርበር ነው ተባልኩ። የፊት ሁለቱም ተቀየሩ። ከፈልኩ። «ቋ» እንዳለ አለ። የቀኙ ጎማ የውስጥ ጠርዝ ተልጦ ሽቦው ሊታይ ሲደርስ ነው የነቃሁት።

አንድ እሑድ ከስር ገባሁ። ጎማውን የሚይዘውን ክንድ «አርም» ይሉታል፣ የመኪናዋን የስር አካል ደግሞ «ሻንሲ»። የጎማ መፍቻውን ብረት በአርሙና በሻንሲው መሃል ሰክቼ ገፋ ሳደርገው የኋለኛው ጎሚኒ አፉን ከፈተ። እውነቴን ነው፣ አፍ ነው የሚመስለው። ላስቲኩ ከብረቱ ተላቆ አርሙ እንደ ልቡ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፍሬን ስትይዙ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል፣ አርሙም አብሮ ይሄዳል፣ ብረት ከብረት ይጋጫል። ለካ ያ ነው «ቋ» የሚለው።

ጎሚኒ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የቡና ስኒ የሚያህል ነገር ነው። ውጭ የብረት ቱቦ፣ ውስጥ ሌላ ትንሽ የብረት ቱቦ፣ መሃላቸው ላስቲክ። ላስቲኩ በሁለቱም ላይ የተጣበቀ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ የኋላ ኋላ ጉድ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ጥር ላይ ራሴ ልቀይረው ተነሳሁ። አስተማሪዬ ስልኬ ላይ ያገኘሁት ቪዲዮ ነው፣ ሰውየው በፖርቹጋልኛ ነው የሚያወራው። አንድም ቃል አልገባኝም፣ እጁን ብቻ ነው ያየሁት። ቡሎኖቹን ከዋዜማው በነጭ ጋዝ አርሼ አሳደርኳቸው። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ሻንሲዋን ካቫሌቶ በሚሉት የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኩ። በክሪክ ብቻ አምናችሁ ስር እንዳትገቡ። ብሎኬትም አይታመንም፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው።

ኮሮላ ላይ ቴስቲናውን፣ ማለትም አርሙ ጫፍ ላይ ያለውን የኳስ መገጣጠሚያ፣ ከአርሙ ጋር የሚይዙት አንድ ቡሎንና ሁለት ዳዶ ናቸው። እነሱን ፈታችሁ፣ የአርሙን ቡሎኖች ፈታችሁ፣ አርሙ እጃችሁ ላይ ነው። ማውጣቱ ቀላል ነበር። አሮጌውን ጎሚኒ ከአርሙ ማስለቀቅ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሞርሳ ተዋስኩ፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘውን። ባንድ በኩል ትልቅ ቡሶላ (የቡሎን መፍቻ ራስ)፣ በሌላው ትንሽ ቡሶላ፣ ሞርሳውን ማጥበቅ ነው። ላስቲኩ ወጣ፣ የውጭ ቱቦው ቀረ። በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ጥቂት ጥቂት እየቆረጥኩ፣ አርሙን እንዳልነካ እየተሳቀቅኩ አወጣሁት። ቶርኖ ቤት ብወስደው በፕሬስ አስር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን እልህ ይዞኛል።

አዲሱን በሳሙና ውሃ አርጥቤ አስገባሁት። ዘይት ላስቲክ ያሳብጣል፣ ግሪስም እንደዚያው። ደግሞ የኋለኛው ጎሚኒ ላስቲኩ ውስጥ ክፍት ቦታዎች አሉት፣ አቅጣጫ አላቸው። አሮጌውን ከማውጣቴ በፊት አርሙ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። እዚህ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፣ ጻፉልኝ።

ከዚያ አርሙን መልሼ፣ መኪናዋ እንደተንጠለጠለች፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ቡሎኖቹን ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩ። ማግስቱን ሐረጎን ስወርድ ጸጥ። ቢሮ ገብቼ ሰው ሁሉ እስኪሰለቸኝ አወራሁ።

ሰኔ ላይ «ቋ» ተመለሰ።

ከአጥራችን ማዶ አንድ አባት አሉ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብን መስመር በከባድ መኪና የተመላለሱ ናቸው። ከስር ተኝቼ ስሳደብ ሰምተው መጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጢጥ አሉና ያወጣሁትን ጎሚኒ አገላብጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ቡሎኑን ስታጠብቀው ጎማው የት ነበር?»

«የት ይሆናል ጋሼ፣ አየር ላይ ነዋ።»

«አየህ?»

ምንም አላየሁም። ክንዴን ያዙ። የሹራቤን እጅጌ አንጓዬ ላይ ጠመዘዙትና «በል፣ ሰዓትህን በዚህ ላይ እሰርበት» አሉኝ። አሰርኩ። «አሁን ልቀቀው።» እጅጌው ሊመለስ ይፈልጋል፣ ሰዓቱ አይለቀውም። ክሩ ተወጥሮ ቀረ።

ይኸው ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛውን ቱቦ ከሻንሲው ጋር አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ አርሙ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። እኔ አርሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው ያጠበቅኩት። መኪናዋ መሬት ስትነካ አርሙ ወደ ላይ ወጣ፣ ላስቲኩ ቆማ እያለችም እንደተጠመዘዘ ነው። በዚያ ላይ የሐረጎ ጉድጓድ። አምስት ወር መቆየቱም ተመስገን ነው።

የገረመኝ የእሳቸው ማወቅ አይደለም። በጥር አለመጠየቄ ነው። ሰውየው አጥር ማዶ ተቀምጠው እኔ ፖርቹጋልኛ ሳዳምጥ ዋልኩ። ለምን? አፍሬ መሰለኝ። ደመወዝተኛ ሰው ነኝ፣ ከረባት አስሬ ስወጣ ያዩኛል። እጄ በግሪስ ጠቁሮ፣ «ጋሼ ይሄ እንዴት ነው?» ማለት ከበደኝ። መጠየቅን እንደ ብድር ነበር የማየው።

«አብሽር» አሉኝ። «እኔ ስንቱን አበላሽቻለሁ።»

ሁለተኛውን አብረን ሠራን። ቡሎኖቹን በእጅ ያህል ብቻ ያዝናቸው። ከዚያ ክሪኩን ከአርሙ ስር፣ ቴስቲናው አጠገብ አድርገን፣ መኪናዋ ከካቫሌቶው ልትነሳ ትንሽ እስኪቀራት አነሳነው። ክብደቷ አርሙ ላይ ሲያርፍ ነው የመጨረሻውን ያጠበቅነው። ከዚያ አላይመንት፣ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል። እሱን እንዳትዘሉት፣ አርም ከተፈታ የጎማው አቋም ይለወጣል።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበራቸውና አብረን ወረድን። ሬዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ከፊት ምንም የለም፣ የዳሽቦርዱ ኪሽ ኪሽ ብቻ። ዞር ስል ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው መንገዱን ያያሉ። በየጥምዙ፣ እኔ ፍሬን ከመያዜ ትንሽ ቀደም ብለው፣ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይጫናል።