የእንግዳ ብስኩት፦ የከለከልነው ምግብ ለምን ያሳብደናል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስለ ብስኩት ነው የምናወራው። ማለቴ "ሁለተኛ አልነካውም" ብለን ስለምንምለው ነገር ሁሉ ነው፣ ግን ብስኩቱን ላስቀድም።

እኛ ቤት ቡፌ ነበር፣ መስታወት ያለው። ከሲኒዎቹ ጀርባ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት አለ፣ የእንግዳ ነው፣ አይነካም። ቁልፉ ደግሞ እናቴ መቀነት ውስጥ ተቋጥሮ ነው የሚውለው። እና እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ሽሮው ቀርቦልኝ እየጨሰ ዓይኔ ቆርቆሮው ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ታዲያ "ብላ" ሲሉኝ አንዱን ሳልውጥ ሁለተኛው እጄ ላይ፣ ሶስተኛው ኪሴ ውስጥ። ርቦኝ ነው? አይደለም! ጣፍጦኝ ነው? ኧረ ብስኩቱ እኮ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ነበር!

ሳይንሱን ቶሎ ቶሎ ልበለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊሸር እና በርች የሚባሉ ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆችን አንድ መክሰስ እያዩት ከለከሏቸው፣ ልጆቹም ስለሱ ማውራትና መጠየቅ አበዙ። በ1975 ደግሞ ኸርማን እና ማክ ለሰዎች ሚልክሼክ አጠጥተው አይስክሬም አቀረቡ፣ ስለ ዳይት የማይጨነቁት አይስክሬሙን ሲቀንሱ ዳይተኞቹ ጭራሽ ጨመሩ። "ዛሬማ ተበላሽቷል፣ ሰኞ እጀምራለሁ" ነዋ! ሰኞን የማያውቃት አለ?

አሁን ባለፈው ወደጻፋችሁልኝ ልምጣ። "ሁዳዴን 55 ቀን ስንጾም አላበድንም፣ ስለዚህ መከልከል ይሰራል።" ቆይ ቆይ፣ ጾምና ዳይትን አንድ አታድርጉብኝ! ጾም ላይ ክትፎ ጠላትህ አይደለም፣ ቀኑ ነው ያልደረሰው። መቼ እንደሚፈታ ታውቃለህ፣ ጎረቤትህም ይጾማል፣ ስትፈስክም ከቤተሰብ ጋር ነው፣ ዶሮውን በልቶ ማንም "አፈርኩ" አይልም። ያንተ ዳይት ግን ፋሲካ የለውም፣ ዘላለም ሁዳዴ፣ ያውም ለብቻህ። ደግሞ ስለ ፋሲካም አንዋሽ፣ እኛ ቤት መጀመሪያ ተልባ ነው የሚጠጣው፣ ተልባውን ዘሎ ወደ ዶሮው የሮጠው አጎቴ ግን በዓሉን ሆዱን ይዞ ሶፋ ላይ ነው ያሳለፈው።

እኔ የምፈተነው በቦምቦሊኖ ነው። ድሮ መኪና ውስጥ ሶስት በልቼ ወረቀቱን ወንበር ስር እደብቅ ነበር (ከማን? ብቻዬን እኮ ነው የምኖረው)። አሁን አንድ ገዝቼ ሳህን ላይ አድርጌ፣ ከቡና ጋር፣ ስኳሩን ከጣቴ እየላስኩ ቀስ ብዬ እበላዋለሁ፣ ነገም ቢያምረኝ እንደምበላ እያወቅኩ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ከዛ አንዳንዴ ረስቼው መዋል ጀመርኩ። ስኳር ወይ አለርጂ ያለባችሁ ግን እኔን ሳይሆን ሀኪማችሁን ስሙ፣ እሺ?

እናንተ ቤት ቁልፉ የት ነበር የሚደበቀው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፣ እሱ እንኳን አይቆለፍም።