ይረፉ፣ እኛ እንጠብቃለን

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በተለይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ "ልጆቻችንን እንዲህ የያዛቸው ነገር ምንድነው" ብላችሁ ለማየት መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከመጀመሬ በፊት፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩብኝ።

የድራገን ቦሉ ጎኩና የዋን ፒሱ ሉፊ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል የሚለውን ለሻይ ሰዓት እንተወውና እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለሚስሏቸው ሰዎች ነው። ለምን መሰላችሁ፣ አንድ ማንጋ፣ ማለትም በተከታታይ የሚወጣ የጃፓን የስዕል ታሪክ፣ "በዚህ ሳምንት አይወጣም፣ ደራሲው እረፍት ላይ ነው" በተባለ ቁጥር በየቴሌግራም ግሩፓችን የሚጻፈውን እያየሁ በጣም ስለማዝን ነው። "ሰነፍ"፣ "ብሩን ሰብስቦ ተኛ"፣ ከዛም የባሰ አለ። የሚጽፉት ልጆች ክፉ ሆነው አይደለም፣ ታሪኩን ስለሚወዱት ነው የሚናደዱት፣ ግን ከዛ ገጽ ጀርባ ያለውን ብናውቅ እንደዛ አንልም ብዬ አምናለሁ።

አብዛኞቻችን እኮ አኒሜን፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም ማለት ነው፣ ያወቅነው በዲሽ፣ ያውም በአረብኛ ነው። ካፒቴን ማጂድን አንድ ቃል ሳይገባን አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው፣ ልጁ ከሜዳው ጫፍ ሮጦ ጎል ጋ እስኪደርስ ኤፒሶዱ ያልቃል፣ እኛ ግን ንቅንቅ የለም። ያ ልጅ አገሩ ላይ ጹባሳ እንደሚባል፣ ዮኢቺ ታካሃሺ የሚባል ሰው በ1981 መሳል እንደጀመረው ማን ነገረን? ማንም። መጨረሻ ላይ ስሞች ማለፍ ሲጀምሩ እኛ ቻናል ቀይረናል። አሁን አድገን፣ ኢንተርኔት በእጃችን ሆኖም ያው "ስኪፕ" የምትለዋን ነው የምንጫነው።

ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ የሚባለውን መጽሔት ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሹኤይሻ የሚባለው አሳታሚ በ1968 የጀመረው ነው፣ ድራገን ቦልም ናሩቶም ዋን ፒስም የወጡት እዛ ላይ ነው። እዛ ላይ የሚስል ሰው በሳምንት 19 ገጽ አካባቢ ይጠበቅበታል። 19 ገጽ ለእኛ አምስት ደቂቃ ነው አይደል? ለሱ ግን እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ታሪኩን ጫር ጫር አድርጎ በሳጥን በሳጥን ይከፋፍለዋል፣ ያንን ይዞ ከኤዲተሩ ጋር ይቀመጣል፣ ኤዲተሩ "አልያዘኝም" ካለው እንደገና ከሀ ይጀምራል፣ ካለፈለት በእርሳስ ይስለዋል፣ ከዛ ቀለም እየነከረ በብዕር ይሄድበታል፣ አሲስታንቶቹ ህንጻውን ዛፉን መኪናውን ይስላሉ፣ ጥቁር የሚሆነውን ይሞላሉ፣ ግራጫ ጥላ እንዲመስል ነጠብጣብ የታተመበት ተለጣፊ በምላጭ እየቆረጡ ይለጥፋሉ (አሁን ብዙዎቹ በኮምፒውተር ነው የሚሰሩት፣ ድካሙ ግን ብዙም አልቀነሰም)፣ ይሄ ሁሉ አልቆ ማተሚያ ቤት ሲሄድ "እፎይ" የሚባልበት ቀን የለም ምክንያቱም የሚቀጥለው ሳምንት ታሪክ አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት።

በዛ ላይ የአንባቢ ድምጽ አለ። መጽሔቱ ውስጥ መጠይቅ ይገባል፣ አንባቢው በጣም የወደዳቸውን ሶስት ታሪኮች ሞልቶ ይልካል፣ ከታች ሆኖ የከረመ ማንጋ ይቆረጣል። ገና አስር ሳምንት ሳይሞላው "በቃ ጨርሰው" የሚባል ሰው አለ። መጽሔቱ በ1995 አካባቢ ጫፍ ላይ በደረሰ ጊዜ የአንድ ሳምንቱ እትም 6.53 ሚሊዮን ኮፒ ነበር፣ እንግዲህ ያን ሁሉ አንባቢ በየሳምንቱ ማስደሰት የአንድ ሰው የእጅ አንጓ ላይ ሲወድቅ አስቡት።

ከዚህ ጥድፊያ ውስጥ የሚገርም ነገርም ይወለዳል። የድራገን ቦል ሰዓሊ አኪራ ቶሪያማ፣ ነፍሱን ይማረውና በ2024 በ68 ዓመቱ ነው ያረፈው፣ ጎኩ ሱፐር ሳያን ሲሆን፣ ኃይሉ ጨምሮ መልኩ ሲለወጥ ማለት ነው፣ ጸጉሩ ለምን እንደነጣ ራሱ ተናግሯል። ማንጋው ጥቁርና ነጭ ነው፣ የጎኩን ጥቁር ጸጉር በየሳጥኑ በቀለም መሙላት የአሲስታንቱን ሰዓት ይጨርስ ነበር፣ ጸጉሩ ነጭ ከሆነ ግን የሚሞላ ነገር የለም። በቃ። ስንቶቻችን መስታወት ፊት ቆመን የጮህንበት ለውጥ ሰዓት ለመቆጠብም ታስቦ የተሳለ ነው። ከተማ መሳል ስለሚያደክመውም ጠቡን ወደ ባዶ ሜዳ ይወስደዋል ወይም ከተማውን ያፈርሰዋል። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ገጾቹን የበለጠ ነው የወደድኳቸው፣ ምክንያቱም የደከመ ሰው አስቦ ያገኘው መፍትሄ እንደሆነ ይታየኛል።

ጥድፊያው ከየት መጣ ካላችሁ ኦሳሙ ቴዙካን ማንሳት ግድ ነው። ህክምና ተምረው ጨርሰው ብዕር የመረጡ ሰው ናቸው፣ በሕይወታቸው 150,000 ገጽ አካባቢ እንደሳሉ ይነገራል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 አስትሮ ቦይን በቴሌቪዥን ሲጀምሩ በየሳምንቱ የግማሽ ሰዓት አኒሜ መስራት አይቻልም የሚለው ሰው ብዙ ነበር። እሳቸው ግን የስዕሉን ብዛት ቀነሱ፣ ሰውየው ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀስ፣ አንዴ የተሳለ ሩጫ ተቀምጦ ሌላ ቀን እንደገና ይገባ፣ እንዲህ እያሉ ቻሉት። ለቴሌቪዥን ጣቢያው የሸጡበት ዋጋ ግን ከወጪው በታች ነበር፣ ጉድለቱን ከማንጋቸውና ከአሻንጉሊት ሽያጭ ሊሸፍኑት አስበው። ተወደደ፣ ተሳካ፣ ከኋላ የመጡትም በዛው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሰሩ ሆኑ። የዛሬው የአኒሜ ሰራተኛ ችግር ከዛ ቀን ይጀምራል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ሁሉን ነገር እሳቸው ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም፣ ከሞቱ እኮ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ በመሃል ዋጋውን ማስተካከል የሚችሉ ባለ ገንዘቦች ስንት ዓመት ነበራቸው!

አሁን የምነግራችሁ ነገር በጣም ነው የሚነካኝ። ሺገሩ ሚዙኪ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆነው ራባውል የሚባል ቦታ ሄደው ግራ እጃቸውን በቦምብ ያጡ፣ ከዛ በአንድ እጃቸው ያንን ሁሉ የጃፓን አጋንንትና መንፈስ የሳሉ። ስለ እንቅልፍ የሰሩት አጭር ማንጋ አላቸው። እዛ ላይ ቴዙካና ሌላው ማንጋ ሰዓሊ ሾታሮ ኢሺኖሞሪ "ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ" እየተባባሉ ሲያወሩ፣ ሚዙኪ ደግሞ እኔ በደንብ ነው የምተኛው ይሏቸዋል። ቴዙካ በ60 ዓመታቸው ሞቱ። ኢሺኖሞሪም በ60 ዓመታቸው ሞቱ። ሚዙኪ 93 ዓመት ኖሩ። ቴዙካ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ሳይቀር ልስራ እያሉ ይለምኑ ነበር ይባላል። ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ፣ ግን እዚህ ያለ ልጅ የማንን መንገድ ይከተል ብትሉኝ ያለ ምንም ማመንታት የሚዙኪን ነው የምለው።

ኬንታሮ ሚዩራ በርሰርክ የሚባለውን ማንጋ በ1989 ጀመረ። አንዱን የጦርነት ገጽ አጉልታችሁ እዩት፣ ከኋላ በጣም ርቆ የቆመው፣ ስም እንኳን የሌለው ወታደር የራስ ቁሩ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ተስሏል። ያ ሰው በሜይ 2021 በ54 ዓመቱ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር ተሰንጥቆበት ሞተ፣ ታሪኩም ሳያልቅ ቀረ። የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛው ኮጂ ሞሪ፣ እሱም ማንጋ ሰዓሊ ነው፣ ሚዩራ ከብዙ ዓመት በፊት አስቀምጦ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነግሮት ነበር። በ2022 ከሚዩራ ስቱዲዮ ልጆች ጋር ሆኖ ቀጠለው፣ ሲጀምርም ለአንባቢ የገባው ቃል ሚዩራ ከነገረኝ ውጪ ከራሴ አልጨምርም የሚል ነው። አደራ መጠበቅ ማለት ይሄ ነው።

ዮሺሂሮ ቶጋሺን ደግሞ ሀንተር ሀንተር የሚባለው ማንጋው ቆመ እያልን ስንት ቀልድ ቀለድንበት? ሰውየው በወገቡ ህመም ሁለት ዓመት ወንበር ላይ መቀመጥ እንዳልቻለ ራሱ ጽፏል። የዋን ፒስ ሰዓሊ ኦዳም በ2023 ዓይኑን ለመታከም ለአራት ሳምንት ማንጋውን አቆመ። ከ1997 ጀምሮ እየሳለ ያለ ሰው ዓይኑን ሊታከም አራት ሳምንት ብንሰጠው ምን ይጎድልብናል?

አኒሜው ጋ ስንመጣ ደግሞ ስማቸውን ጭራሽ የማናውቃቸው ሰዎች አሉ። ስክሪኑ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል፣ ያሳያል፣ አንድ ስዕል ለሶስት ፍሬም ቢቆይ በሰከንድ ስምንት ስዕል ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹን አቋሞች አንድ ልምድ ያለው አኒሜተር ይስላል፣ እጅ መነሳት ሲጀምርና ተነስቶ ሲያልቅ በሉት፣ በመሃል ያሉትን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪዎች ናቸው የሚሞሉት። ለዚህ የመሃል ስዕል የሚከፈለው 200 የን አካባቢ እንደሆነ ለዓመታት ሲዘገብ ኖሯል። በወር 500 ስዕል ቢጨርስ 100,000 የን ነው፣ ቶኪዮ ላይ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት የሚተርፈውን እናንተው ገምቱት። አኒሜው በዓለም ቢሸጥስ? ብዙውን ጊዜ ወጪውን የሚያዋጡት አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃ ካምፓኒው፣ አሻንጉሊት አምራቹ ሆነው በኮሚቴ ነው፣ ትርፉንም የሚካፈሉት እነሱ ናቸው፣ ስቱዲዮው ገንዘብ ካላዋጣ የተስማማበትን የስራ ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉ ግን ኪዮቶ አኒሜሽን አለ። ዮኮ ሃታ የሚባሉ ሴት በቴዙካ ስቱዲዮ ቀለም ይቀቡ ነበር፣ አግብተው ኡጂ የምትባል ከተማ ሲገቡ የሰፈር እናቶችን ሰብስበው ቀለም መቀባት አስተማሩ፣ በ1981 የተጀመረው ስቱዲዮ ከዛ ነው የመጣው። ሰራተኛውን በስዕል ቁጥር ሳይሆን በወር ደሞዝ ነው የሚቀጥሩት፣ ራሳቸው ያሰለጥናሉ፣ ከሰራተኞቻቸውም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ስራቸውን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፣ አንዲት ልጅ ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ስታደርግ እንኳን ጣቶቿ አይዋሹም።

ጁላይ 18 ቀን 2019 ጠዋት አንድ ሰው ቤንዚን ይዞ ገብቶ ስቱዲዮውን አቃጠለው። 36 ሰው ሞተ። ከነሱ መሃል አንጋፋው ዮሺጂ ኪጋሚ ነበሩ፣ ዳይሬክተር ያሱሂሮ ታኬሞቶ ነበሩ፣ ስራ ከጀመሩ ብዙም ያልቆዩ ልጆችም ነበሩ። ከዛ በኋላ መጀመሪያ ለእይታ የበቃው የስቱዲዮው የቫዮሌት ኤቨርጋርደን ፊልም መጨረሻ ላይ፣ በደንባቸው ስሙ የሚጻፈው ከአንድ ዓመት በላይ የሰራ ሰው ነበር፣ ያን ጊዜ ግን የተሳተፉትን ሁሉ ስም፣ የጀማሪዎቹንም ጭምር፣ እዚህ እንደነበሩ ማረጋገጫ ይሁን ብለው ጻፉት። ስለዚህ ስሞች ሲያልፉ "ስኪፕ" የምትለዋን አንጫናት፣ የምለምናችሁ አንዱ ነገር ይሄ ነው። ጃፓንኛ ባናነብም እንያቸው።

ሌላው፣ ዶላር ካርድ የለንም፣ ምን እናድርግ የምትሉኝ አላችሁ፣ እውነታችሁን ነው። ግን ማንጋ ፕላስ የሚባለው የሹኤይሻው አፕ ከ2019 ጀምሮ አለ፣ አዲሱን ቻፕተር ጃፓን ላይ በወጣበት ቀን በነጻ ታነቡበታላችሁ፣ ስንት ሰው እንዳነበበውም ይቆጠራል። ተሰርቆ በተለጠፈበት ቦታ ስታነቡት ግን ለሰዓሊው አትቆጠሩም። እረፍት ላይ ነው ሲባልም ግሩፑ ላይ "ይረፉ፣ እኛ እንጠብቃለን" ብላችሁ ጻፉ፣ አንዱ ከጻፈው ሌላው ይከተላል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ደብተሩ ጀርባ ላይ የሚስለው ነገር ጊዜ ማባከን አይደለም። ፉልሜታል አልኬሚስት የሚባለውን ማንጋ የሳለችው ሂሮሙ አራካዋ ሆካይዶ ውስጥ ከብት እርባታ ላይ ያደገች ናት፣ ከትምህርት በኋላም ዓመታት እዛው ከቤተሰቧ ጋር ስትሰራ ቆይታ ነው ቶኪዮ የገባችው። እናንተ የምትስሉ ልጆች ደግሞ 100 ቅጽ የሚሆን ታሪክ አታስቡ፣ ጃፓን ውስጥም ብዙ ጀማሪ የሚፈተነው በአንድ አጭር፣ በተጨረሰ ታሪክ ነው። ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ እስከ 11 ሰዓት እቆያለሁ፣ የሳላችሁትን ይዛችሁ ኑ፣ ያልጨረሳችሁትም ቢሆን አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን። አመሰግናለሁ።