«ኢን» ባየን ቁጥር «አይደለም» አንበል

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ የእንግሊዝኛ ክበብ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ጎንደር የቅኔ አገር ናት። ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ አሉታን ገና በጠዋቱ ያውቃል። በግእዝ «ኢ» ከግሱ ፊት ስትገባ ነገሩ ይገለበጣል። ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ የምንለውም ከዚያው ወርሰን ነው። እንግሊዝኛም እንዲህ ያሉ ቅጥያዎች አሉት። «አን» የራሱ የጥንት ሀብት ነው። «ኢን» ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ ብዙው በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ።

ተማሪዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ኢምፖሲብል (የማይቻል) በ«ኢም»፣ ኢሊጋል (ሕገ ወጥ) በ«ኢል»፣ ኢሬጉላር (ያልተስተካከለ) በ«ኢር» የሚጀምሩት ለምንድን ነው? እስቲ «አንበሳ» ብላችሁ ቶሎ ቶሎ በሉ። «አምበሳ» ሆነ አይደል? ከንፈር ለ«በ» ሲገጥም «ን»ን ወደ «ም» ይስባታል። ላቲንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከ«ፐ»፣ ከ«በ» እና ከ«መ» በፊት «ኢም»፣ ከ«ለ» በፊት «ኢል»፣ ከ«ረ» በፊት «ኢር» ሆነ። ሥሩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ሦስት አራት ዝርዝር እየሸመደዳችሁ አትድከሙ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ «ኢን ማለት አይደለም ማለት ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አያለሁ። ይህ ሰውን ይጎዳል። ነዳጅ ቦቴ ላይ «ኢንፍላመብል» ተጽፎ ያየ ልጅ በዚያ ወረቀት ከሄደ «አይቀጣጠልም» ብሎ ይተረጉመዋል። ቃሉ ግን በቀላሉ እሳት ይይዛል ማለት ነው! እዚህ ያለው «ኢን» አሉታ አይደለም፤ «ወደ ውስጥ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ የላቲን ቅጥያ ነው። የአሜሪካ የእሳት መከላከል ባለሙያዎች ይህ ስህተት አስግቷቸው ነው ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ፍላመብል» እንዲባል የገፋፉት። የማይቀጣጠለው «ነንፍላመብል» ነው።

ኢንቫሉየብልም እንዲሁ ያሳስታል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ እነዚያን የመላእክት ፊቶች አንጋጦ ያየ ቱሪስት «ኢንቫሉየብል» ቢላችሁ እንዳትቀየሙት። ዋጋ ሊተመንለት የማይችል ነው ማለቱ ነው። በዚህኛው «ኢን» በእርግጥ አሉታ ነው፤ የሚክደው ግን ዋጋውን ሳይሆን መተመኑን ነው። ከእናንተ መካከል ነገ አስጎብኚ የሚሆን አለና ይህን አደራ እላለሁ።

«አን»ም ቢሆን አንዳንዴ ድርጊት ይቀለብሳል። በሩን «አንሎክ» አድርግ ስትባሉ የተቆለፈውን ክፈት ማለት ነው። ደግሞ ዳኛ «ዲስኢንተረስትድ» ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጉዳዩ የግል ጥቅም የለውም፣ አያዳላም። «አንኢንተረስትድ» ከሆነ ግን ጉዳዩ አላጓጓውም፤ ባለጉዳዩ ወየውለት።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለፈተና ቃል ስታወጡ ብቻውን አታቁሙት፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት። እናንተም ተማሪዎች ደብተራችሁ ላይ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉ። በመጪው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ በ«ኢን» የሚጀምሩ ሁለት ቃላት ይዛችሁ ኑ፤ አንዱ አሉታ፣ ሌላው አሉታ ያልሆነ። አብረን እንፈትሻቸዋለን።

አመሰግናለሁ።