ከረጢቱ ከቤት ሳይወጣ

ክቡራትና ክቡራን፣

በየቤታችን የሚጠራቀመውን ወረቀት፣ ጠርሙስ፣ ጣሳና ፕላስቲክ ለይተን ወደ ማሰባሰቢያ ጣቢያ ስለማድረስ ልናገር ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ጀምራችሁታል፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከረጢቱን አንጠልጥላችሁ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በውስጡ ያለውን እወቁት። ጣቢያው የተለየውን ይረከባል፤ የተደባለቀውንና የተበከለውን ግን ማዳን አይችልም። ዕቃው መልሶ ጥቅም ላይ መዋል አለመዋሉ የሚወሰነው እናንተ እጅ ላይ ሳለ ነው።

አንድ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ተመልከቱት። ከላይ በጥንቃቄ የታጠፈ ካርቶን አለ፤ ከሥሩ የጋዜጣ ክምር። መሐል ላይ ያልተሟጠጠ የዘይት ጠርሙስ ተጋድሟል፤ ክዳኑ ላልቷል። ዘይቱ ጋዜጣውን ዘልቆ ካርቶኑን አርሶታል። ወረቀት እንደገና የሚመረተው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ላቁጦ፣ ቃጫው እርስ በርሱ ከተላቀቀ በኋላ ነው። ዘይት ደግሞ ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱን ወረቀት ያበላሸዋል። እናም ሰው ለቀናት አጥፎ ያስቀመጠው ወረቀት ሁሉ መጨረሻው መጣያ ይሆናል። ጠርሙሱን አሟጥጦ ለማለቅለቅ ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ማለቅለቅ ስል ሙቅ ውኃና ሳሙና አባክኑ ማለቴ አይደለም። የዕቃ እጣቢው ይበቃል። ከዚያ ደፍቶ ማንጠፍጠፍ ነው፤ እርጥብ ጣሳ ከወረቀት ጋር ከታጨቀ ወረቀቱ ይሻግታል። የወረቀት ቃጫ በተመረተ ቁጥር እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ብቻ ነው መመላለስ የሚችለው። ያን አጭር ዕድሜ በዘይትና በሻጋታ ልናሳጥርበት አይገባም። የገበያ ደረሰኝንም ከወረቀት ጋር አትቀላቅሉ፤ አብዛኛው በሙቀት የሚታተም፣ በኬሚካል የተቀባ ነው።

ብረታ ብረት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቀላሉ እሱ ነውና። ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ የሚሳበው ጣሳ ከብረት የተሠራ ነው፣ የማይሳበው በአብዛኛው አልሙኒየም። አሮጌ አልሙኒየም አቅልጦ መሥራት ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚጠይቀው ኃይል 95 በመቶ ገደማውን ያድናል። አንዲት የለስላሳ ጣሳ ስትጥሉ ይህን አስታውሱ።

ጠርሙስ ስንት ጊዜ ቢቀልጥ ጥራቱ አይጓደልም። ሆኖም ቡናማውና አረንጓዴው ከነጩ ጋር ከተደባለቀ ቀለሙ ከቅላጩ ውስጥ አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ጠርሙስ መሥራት አይቻልም። ከሁሉ የከፋው የተሰበረ ስኒ፣ የሸክላ ሳህንና እሳት የሚችል የመጋገሪያ ብርጭቆ ጨምሮ ማምጣት ነው። በዓይን ሲታዩ ከጠርሙስ ስብርባሪ ብዙም አይለዩም፤ ነገር ግን ጠርሙስ በሚቀልጥበት ሙቀት አይቀልጡም። እንደ ጠጠር አዲሱ ጠርሙስ ውስጥ ተቀርቅረው ይቀሩና ያንኑ ቦታ ይሰነጥቁታል። እነዚህን በወፍራም ወረቀት ጠቅልላችሁ ወደ መደበኛው ቆሻሻ አስገቡ።

አሁን ወደ ፕላስቲክ ልለፍ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም። በሦስት ማዕዘን የሚዞሩትን ቀስቶች ታውቃላችሁ። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1970 ለአንድ ውድድር የነደፈው ጋሪ አንደርሰን የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ ነው፤ ውድድሩን ያዘጋጀውም የካርቶን አምራች ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ቀስቶቹን ወስዶ መሐላቸው ከ1 እስከ 7 ቁጥር አስገባ። ቁጥሩ የሚነግረን ፕላስቲኩ ከምን ዓይነት ነገር እንደተሠራ ብቻ ነው። ቀስቱን ያየ ሰው ግን «ይህ መልሶ ይመረታል» ብሎ አመነ፤ እንዴትስ አያምን? ይህ ሰውን ማሳሳት ነው፤ ዛሬም ያናድደኛል።

በተግባር ተቀባይ የሚያገኙት በአብዛኛው 1 እና 2 ናቸው፤ በአንዳንድ ቦታ 5 ይጨመራል። 1 የውኃና የለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። 2 ወፍራሙ የሳሙናና የሻምፖ ዕቃ ነው። 5 ብዙ ጊዜ ክዳኖችና የምግብ መያዣዎች ናቸው። 3 የሚል ዕቃ ካጋጠማችሁ ከ1 አርቁት። ሁለቱም ጥርት ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውኃ ውስጥ ሲጨመሩም ሁለቱም ይሰምጣሉ፤ ስለዚህ ማሽንም ለመለየት ይቸገራል። 1 በሚቀልጥበት ሙቀት 3 ተቃጥሎ አሲድ ይለቃል፤ ጥቂቱ ብቻ ብዙውን ያበላሻል። ፌስታል ደግሞ በማሽኖቹ የሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስቆማል፤ ከዚያ ሠራተኛ ገብቶ በቢላዋ እየቆረጠ ያወጣዋል። ስለዚህ ዕቃችሁን በፌስታል ብታመጡም ጣቢያው ላይ አራግፋችሁ ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ።

«ምናልባት ይጠቅም ይሆናል» እያላችሁ በቅን ልብ የምትጨምሩት ነገር አለ፤ እሱን ተዉት። ቅንነታችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የማይሆን ዕቃ ወደ መጣያ ቢገባ የሚጠፋው ራሱ ብቻ ነው፤ ወደ ተለየው ሣጥን ሲገባ ሌላውንም ይዞ ይጠፋል። ይህ በዓለም ደረጃ የታየ ነገር ነው። ቻይና ለብዙ ዓመታት የሌሎች አገሮችን አሮጌ ወረቀትና ፕላስቲክ ስትገዛ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2018 ያልተለየ ወረቀትና የቤት ፕላስቲክ እንዳይገባ ከለከለች፤ ለሌላውም የባዕድ ነገር መጠን ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች። ያኔ እየደባለቁ ይልኩ የነበሩ ከተሞች ገዢ ያጣ ክምር ታቅፈው ቀሩ።

«ይህን ሁሉ መለየት ማን ይችላል?» የሚል ይኖራል። በጃፓን ተራሮች መካከል ካሚካትሱ የምትባል ከ1,500 ያነሰ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ያለ ቆሻሻ ለመኖር በይፋ አወጀች። ነዋሪው ራሱ አጥቦ፣ ለይቶ፣ ወደ ጣቢያው ያመጣል፤ ምድቦቹ ከ40 በላይ ናቸው። ግማሽ ያህሉ ነዋሪ አረጋዊ ነው። እንዲያም ሆኖ 80 በመቶ ገደማው ቆሻሻ መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። እኔን የሚገርመኝ ሣጥኖቹ ላይ የተጻፈው ነው፤ ዕቃው ሄዶ ምን እንደሚሆንና ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ተጽፏል። ሰው የልፋቱን መድረሻ ሲያውቅ ለመልፋት አይሰለችም። ጣቢያዎቻችን ይህን ጽሑፍ እንዲለጥፉ ሁላችንም ልንጠይቃቸው ይገባል፤ እኔ እጠይቃለሁ።

እኛ ያን ያህል ምድብ አያስፈልገንም፤ በአራት መያዣ እንጀምር። አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለብርጭቆ ጠርሙስ፣ አንዱ ለጣሳ፣ አንዱ ለፕላስቲክ። ጣቢያዎች የሚቀበሉት ስለሚለያይ የጣቢያችሁን ዝርዝር ወስዳችሁ ከመያዣዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ልጆችም እንግዶችም ያዩታል። የጠርሙስ ክዳን ይከደን ወይስ ይነቀል የሚለውንም እዚያው ጠይቁ፤ መልሱ እንደ ማሽኑ ይለያያል።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። ባትሪ፣ በተለይ የስልክና የኮምፒውተር ባትሪ፣ ከአራቱ በየትኛውም ውስጥ አታስገቡ። ሲጨፈለቅ እሳት ይነሣል፤ መኪናም የመለያ አዳራሽም ተቃጥሏል፤ እዚያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለብቻው አምጡና ለሠራተኛው በእጁ ስጡት።

መውጫው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ደርድሬአለሁ። እያነሣችሁ ታችኛው ክፍላቸው ላይ ያለውን ቁጥር ፈልጉ፤ በማግኔቱ ሞክሩ፤ የትኛው መያዣ ውስጥ እንደሚገባ ያላወቃችሁትን ጠይቁኝ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪሄድ እዚያው እቆማለሁ።

አመሰግናለሁ።